ለታፈነ አፍንጫ የቱ ቅጠል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አንድ አንባቢ ነጭ ሽንኩርት ልጠው አፍንጫቸው ውስጥ ይወትፋሉ። ሲያወጡት ንፍጡ ይጎርፋል፤ የሳይነስ ሕመማቸው (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የፊት አጥንት ክፍተቶች መቆጣት) እየወጣላቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይደለም። ሽንኩርቱ ስላቃጠለዎት ነው የሚፈሰው። ይተዉት።

ሌላዋ ጠያቂ የልጆች እናት ናቸው። ጉንፋን በገባ ቁጥር ባሕር ዛፍ ቀቅለው ቤተሰቡን በብርድ ልብስ ሸፍነው ያጥናሉ፤ የአራት ዓመቱ ልጅ ይጨመር ወይ ይላሉ።

እኅቴ፣ እባክዎ አይጨምሩት! በጨለማ፣ በብርድ ልብስ ሥር፣ የፈላ ድስት አጠገብ ሕፃን ማስቀመጥ ለቃጠሎ መጋበዝ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሳይነስ የሚመላለስባቸውን 871 ሰዎች ተከታትሎ ነበር፤ እንፋሎት ራስ ምታት ከማስታገስ ያለፈ አልረዳም። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ግን መጠነኛም ቢሆን ለውጥ አምጥቷል። ከባሕር ዛፍ ዘይት የሚወጣው ሲኒዮል በጀርመን ተሞክሮ ድንገተኛ ሳይነስን አቅልሏል፤ ያ ግን በ200 ሚሊግራም የተመጠነ እንክብል እንጂ የድስት እንፋሎት አይደለም። ዘይቱን መጠጣት ደግሞ ይመርዛል።

ስለዚህ ገንዘብዎንም ድካምዎንም ለጨው ውሃ ያውሉት፦ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው። ውሃው የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን አጥበው፣ አንጎል በሚበላ አሜባ ሞተዋል።

ዳማከሴ ጨምቄ ብምግ ሳይነሴን ያድነኛል? የሚል ወጣት አለ።

ዳማከሴን እናቶቻችን ለምች ያመኑት ያለ ነገር አይደለም፤ ቅጠሉ በቤተ ሙከራ የአይጦችን ትኩሳት ቀንሷል። ከአይጥ ትኩሳት እስከ ሰው ሳይነስ ግን ሩቅ መንገድ ነው። አብዛኛው ድንገተኛ ሳይነስ ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ያለ ምንም ቅጠል በአሥር ቀን ውስጥ ይሻላል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያ ሰሞን የተማገው ቅጠል ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጤና አዳም አፍልቼ ልጠጣ?

አይጠጡ፤ ማኅፀን ሊያነቃቃና ሊያስወርድ ይችላል። የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ።

የመጨረሻው ጠያቂ ሦስት ሳምንት ታመዋል፤ ከትናንት ወዲያ አንድ ዓይናቸው አብጧል፣ ያተኩሳቸዋል። የትኛው ቅጠል ይሻለኛል ይላሉ።

ወንድሜ፣ ምንም ቅጠል አይፈልጉ። ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ጉድጓድ ዘልቆ ሊሆን ይችላል፤ እይታዎን አልፎም ሕይወትዎን ሊነጥቅ ይችላል። ይህን እንዳነበቡ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።