ሾተላይ፣ ጠበልና የልጄ ቁርባን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የመጀመሪያ ልጄ ጤነኛ ናት። ሁለተኛው በ8 ወሩ ሆዴ ውስጥ ሞተ። «ሾተላይ አለብሽ» ተብዬ ክታብ አሰርኩ። ሦስተኛው በተወለደ በማግስቱ ዓይኑ ሳይቀር ቢጫ ሆነ። «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» አሉኝ፤ አሞቅኩት። ሐኪም ቤት የወሰድኩት በ6ኛው ቀን፣ ጡት እምቢ ሲል ነው። አሁን 4 ዓመቱ ነው። አይቀመጥም፣ አይሰማም። ሐኪሞቹ የእኔ ደም ከልጁ ደም ጋር እንዳልተስማማ፣ ይህም በእርግዝናዬ ጊዜ መታወቅ እንደነበረበት ነገሩኝ። ያኔ ግን የመረመረኝ የለም። ኃጢአቴ ይሆን? ፊዚዮቴራፒውን ትቼ ጠበል ብቻ ላስጠምቀው? «ለሃጩ ይዝረከረካል፣ አታቁርቢው» የሚሉኝንስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሾተላይ ልጀምር፤ እኔም ዕዳ አለብኝና። ከዓመታት በፊት በአንድ የሠርክ ጉባኤ ላይ ሾተላይ ሕፃናትን የሚቀጥፍ ጋኔን ነው ብዬ አስተምሬ ነበር። ስጨርስ አንዲት አዋላጅ ነርስ ቆማ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ ይህን የሰማች ነፍሰ ጡር ነገ ደሟን ልትመረመር አትመጣም» አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ጠይቄ ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አር ኤች የሚባል የደም ምልክት አለ፤ ያለው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ ሆኖ ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ይወርሳል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናት ሲገባ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ለዚህ ነው። መከላከያው የሚያጠቃው ቀጥሎ የሚመጡትን ነው። የፅንሱ ደም ይፈርሳል፤ ከተወለደ በኋላ ቢጫው ሲበዛ አንጎልና መስሚያን ይጎዳል። ይህን የሚከላከለው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በእርግዝና በ28ኛው ሳምንት፣ ደግሞም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። «የእሷ ደም ነው» የሚል አማት ካለ ደግሞ፣ ፖዘቲቩ የመጣው ከአባትየው መሆኑን ይስማ።

አሁን ወደ ኃጢአቱ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ልክ እንዳንቺ ጠይቀዋል። ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ይህን ሺህ ጊዜ ሰምተሽዋል፣ አውቃለሁ። ደግሞም አንቺን የሚበላሽ ኃጢአቱ ብቻ አይመስለኝም። እነዚያ ፀሐይ የሞቃችሁባቸው ቀናት ናቸው።

ስለዚህ ሌላ ሰው ላሳይሽ። በ2ኛ ሳሙኤል 4፥4 ላይ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ አለ። 5 ዓመቱ ነበር። የሳኦልና የዮናታን ሞት ሲሰማ ሞግዚቱ አቅፋው ሸሸች፤ ስትቸኩል ወደቀና ሽባ ሆነ። ልታድነው ስትሮጥ ነው የወደቀው። መጽሐፉ አንዲት የወቀሳ ቃል አይናገራትም። አንቺም ፀሐይ ላይ ያወጣሽው ልታድኝው ነው። ያወቅሽውን አደረግሽ። ባላወቅሽው ነገር ንስሐ አትገቢም፤ ልታለቅሺ ግን ትችያለሽ።

(ሌሎች እናቶች ግን ይህን ያዙ፦ ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ፀሐይ አይጠበቅም። ያኔውኑ ሐኪም ቤት።)

ፊዚዮቴራፒውን አታቋርጪ። መጽሐፈ ሲራክ 38 ባለመድኃኒትን አክብረው፣ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበሉም ይቀጥል። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ሕክምና፤ ምን ያጣላቸዋል? «መድኃኒት ከነካህ ጠበሉ አይሠራም» የሚልሽን አትስሚ። ክታቡን ለንስሐ አባትሽ ስጪና እሳቸው ያስወግዱት።

ቁርባኑን በተመለከተ አጭር ነው፦ ይቁረብ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ተጠምቆ ሲቆርብ አፉ ላይ ለሃጭ አልነበረም እንዴ? ማንስ ከለከለው? አስቀድመሽ ለካህኑ መዋጥ እንደሚያስቸግረው ንገሪያቸው። በዕርፈ መስቀል (በቁርባኑ ማንኪያ) ደሙን በጥቂቱ ያቀብሉታል። ቀና አድርገሽ ያዢው፣ ንጹሕ ጨርቅ ከአገጩ ሥር ይኑር፣ የቅዳሴ ጠበሉንም ቀስ እያልሽ አጠጪው። ጠዋት የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለንስሐ አባትሽ ሳትነግሪ በራስሽ እንዳታስቀሪ።

«የማይሰማ ልጅ ቅዳሴ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉም አይጠፉም። ዕጣኑን ያሸታል። የጧፉን ብርሃን ያያል። መስቀሉ ግንባሩን ሲነካው ያውቃል። እንዲህ የተጎዱ ልጆች ሰውነታቸው እምቢ ቢላቸውም፣ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚገምተው በላይ ይገባቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለጆሮ ብቻ አልተሠራችም።

አልጠየቅሽኝም እንጂ፣ ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ሳትፀንሺ በፊት የማኅፀንና ፅንስ ሐኪም አማክሪ። መከላከያው አንዴ ሰውነትሽ ውስጥ ስለተሠራ መርፌው አሁን አይጠቅምሽም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የቅርብ ክትትል ያስፈልግሻል። ባልሽም ደሙን ይመርመር።

የልጅሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ። የአንቺንና የባልሽንም ጨምሪበት።