ማን እንዲመረምራቸው እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ነው፤ በማዋለጃ ክፍል፣ በተመላላሽ ሕክምናና በማስተማር። እናንተ ነጭ ጋወን ለብሳችሁ ወደ ዋርድ መግባት በጀመራችሁበት በዚህ ወቅት፣ በክፍል ውስጥ ብዙም ጊዜ ስለማይሰጠው አንድ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ጉዳዩ ታካሚዎች የሚመረምራቸውን ባለሙያ ፆታ የመምረጥ መብታቸው ነው። ከእናንተ መካከል ይህን የሀብታም አገር ጥያቄ ወይም የግል ክሊኒክ ቅንጦት አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። «ሐኪም ሐኪም ነው፤ ወንድ ሴት የለውም» የሚለው አነጋገር እኛም ተማሪዎች ሳለን የተነገረን ነው። ለሐኪሙ እውነት ሊሆን ይችላል። ልብሷን አውልቃ አልጋ ላይ ለምትወጣው ሴት ግን እውነት አይደለም፤ ምርመራው የሚደረገው ደግሞ በእሷ ገላ ላይ ነው።

በአገራችን «በወንድ አልመረመርም» ብላ ፊት ለፊት የምትናገር ታካሚ ጥቂት ናት። ይሉኝታ ይይዛታል። ዶክተሩን ማስቀየም ትፈራለች፤ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፋ ያገኘችው ተራ እንዳያመልጣት ትሰጋለች፤ እምቢ ብትል በሚቀጥለው ጊዜ ፊት የሚነሷት ይመስላታል። ስለዚህ እሺ ትላለች፣ አለዚያም ዝም ትላለች፣ አለዚያም «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ነገ እመጣለሁ» ብላ ትወጣና በዚያው ትቀራለች። መዝገባችን ላይ «ቀጠሮ አቋርጣለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ለምን እንዳቋረጠች ግን የሚጠይቅ የለም። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ታካሚዋ ራሷ እስክትጠይቅ ድረስ የምንጠብቅ ከሆነ መብቱ በተግባር የለም። ጠያቂዎቹ እኛ መሆን አለብን፤ ያውም ልብሷን ከማውለቋ በፊት።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት እናት ከገጠር ወደ ተመላላሽ ክፍላችን መጡ። ካርዳቸው ላይ የተጻፈው «የወገብ ሕመም» የሚል ነበር፤ ከዚያ በፊት በሄዱባቸው ቦታዎችም የወገብ ማስታገሻ እየተሰጣቸው ተመልሰዋል። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በመዳፋቸው ጨብጠው፣ የምጠይቃቸውን ሁሉ «ወገቤን ነው» እያሉ ይመልሱልኛል፤ ዓይናቸው ግን አጠገቤ ወደቆመችው ሲስተር ነው። «እናቴ፣ ከሲስተር ጋር ብቻዎን ቢነጋገሩ ይሻልዎታል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ነጠላውን ግን ለቀቅ አደረጉት። እኔ ወጣሁ። ሲስተር ብዙም ሳትቆይ ተከትላኝ ወጥታ፣ ማህፀናቸው ከወረደ ዓመታት እንዳለፉት፣ ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ በሽታው እንዳይሸትባቸው ፈርተው ለቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ እንደተዉ ነገረችኝ። ይህን ለባላቸውም ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። የሚገርማችሁ፣ ቀዶ ሕክምናው ያስፈልግዎታል በተባሉ ጊዜ የእኔ ወንድነት አላስቸገራቸውም፤ «አንዴ ከታወቀማ አንተው ሥራልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚህ የምታገኙት ትምህርት ከጨዋነት ያለፈ ነው። እኚያ እናት ለዓመታት የተሳሳተ ሕክምና ያገኙት ሐኪሞቹ ዕውቀት አጥሯቸው አይደለም፤ ሕመሙን ሊነግሩት የሚችሉት ሰው ስላልተገኘ ነው። የታካሚ ታሪክ መቀበል የምርመራው ግማሽ እንደሆነ ትማራላችሁ። በማህፀን መውረድ፣ በፊስቱላ፣ በአባላዘር በሽታ፣ በመካንነት፣ ከግርዛት ጋር በተያያዙ ችግሮች ላይ ታሪኩ የሚነገረው ታካሚዋ ላመነችው ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ነው። አስገድዶ መድፈር ለደረሰባት ልጅ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ያለ ፈቃዷ የተፈጸመ ጥቃት ደርሶባት የመጣች ልጅ የመጀመሪያውን ውሳኔ በእጇ ልትይዝ ይገባታል፤ «ማን ቢመረምርሽ ይሻልሻል?» የሚለው ጥያቄ ለእሷ የሕክምናው አካል ነው።

መንግሥታችንም ይህን የተረዳበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች አሥረኛ ክፍል ካጠናቀቁ ወጣቶች መካከል ተመርጠው ለአንድ ዓመት ያህል ሠለጠኑ፤ ከአርብቶ አደር አካባቢዎች በስተቀር የተመረጡት ሴቶች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አብዛኛው አገልግሎት እናቶችንና ሕፃናትን የሚመለከት ነው፤ ባል እርሻ በዋለበት ሰዓት ወደ ቤት ዘልቃ፣ ጓዳ ገብታ፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድና ስለ ወሊድ ልታነጋግር የምትችለው ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሱ። ይህ ለውጥ የመጣው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ፣ አምቡላንሱ፣ የእናቶች ማቆያ ቤቱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በራቸውን ያንኳኳችው ሴት ባትሆን ኖሮ ያን ያህል እናቶች ከቤታቸው ወጥተው ይመጡ ነበር ብዬ አላምንም። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን አሠልጥኖ ወደየመጡበት አካባቢ የሚመልሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ ያቺ እናት ጤና ጣቢያ ከደረሰች በኋላ ነው። እስከ በሩ ድረስ ሴት አጅባት መጥታ፣ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ የምታገኘው ተረኛ ብዙ ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፤ በአገራችን ከአዋላጅ ነርሶች መካከል የወንዶቹ ቁጥር ቀላል አይደለምና። እናንተ ወንድ አዋላጆች በዚህ እንዳትከፉ። ሥራችሁን አከብራለሁ፤ በእጃችሁ የተረፉ እናቶችን አይቻለሁ። አንዲት እናት «ሴት ትምጣልኝ» ብትላችሁ ግን የእናንተን ብቃት አልነካችም። በዚያ ሰዓት ፊታችሁን ሳታጠቁሩ፣ ድምፃችሁን ሳትቀይሩ «እሺ፣ ትኑር እንደሆነ ልይልሽ» ማለት ከሙያችሁ ይጠበቃል።

ሕጉን በተመለከተ ባጭሩ ልበል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩና መልካም ስሙ የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ያለ ታካሚው ፈቃድ ምርመራም ሆነ ሕክምና እንደማይሰጥም የጤና ሕጎቻችን ያዝዛሉ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 በሊዝበን ያወጣው መግለጫ ታካሚ ሐኪሙን በነፃነት የመምረጥና የመቀየር መብት እንዳለው ያስቀምጣል። ጤና ሚኒስቴርም «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ሲያስተምር ቆይቷል። እነዚህን ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ ነገር ግን ሌሊት በስምንት ሰዓት ለታካሚዋ የሚደርስላት ጽሑፉ ሳይሆን ተረኛው ባለሙያ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንደምትጠይቁ። ታካሚዋ ልብሷን እንደለበሰች፣ ተቀምጣ ሳለች፣ በሩ ተዘግቶ ጠይቋት። ምርመራው ምን እንደሆነ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚታይ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በምትረዳው ቋንቋ ንገሯት፤ ከዚያም «እኔ ልመርምርሽ ወይስ ሴት ባለሙያ ትሻላለሽ? ሁለቱም ይቻላል» በሏት። «ሁለቱም ይቻላል» የሚለውን አትዝለሉት፤ ያለ እሱ ጥያቄው ፈተና ይመስላታል። «እሺ» ብትላችሁም ፊቷን እዩ። ጉልበቷን አጥብቃ የገጠመች፣ ትንፋሿን የያዘች፣ ልብሷን ቁልቁል የምትጎትት ሴት እሺ ብትልም አልተስማማችም፤ ቆም በሉና በድጋሚ ጠይቋት።

ብቻዋን መጠየቋ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ባል፣ አማት ወይም ወንድም አብሮ ሲገባ ምርጫውን የሚናገረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። «ሚስቴን ወንድ አይነካትም» የሚል ባል ገጥሞኛል፤ ሚስትየው ለብቻዋ ስትጠየቅ ግን ቶሎ ከሕመሟ እንድትገላገል ብቻ ነበር የምትፈልገው። በተቃራኒውም «ዶክተሩ ይመርምራት፣ ምን ችግር አለው» ብሎ የሚፈርድላት ዘመድ አለ። መብቱ የታካሚዋ ነው፤ የቤተሰቡ አይደለም። ባልን ሳታዋርዱ፣ «ጋሼ፣ ለምርመራው አንዴ ውጭ ይጠብቁን» ብላችሁ በትሕትና አስወጥታችሁ እሷን አነጋግሯት።

ሴት ሁሉ ሴት ባለሙያ ትመርጣለች ብላችሁም ከወዲሁ አትወስኑ። በምጥ ላይ ሳሉ በሴት ባለሙያ የተቆጡና የተመናጨቁ፣ «ወንዱ ይሻለኛል፣ እሱ ያዝንልኛል» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ይህ እውነት ስለሆነ እናንተ ሴቶች ልጆቼ ስሙኝ። የሠፈሯን ልጅ በማዋለጃ ክፍል አግኝታ ምስጢሬ ይወጣብኛል ብላ የማታውቀውን ወንድ የምትመርጥም አለች። ለዚህ ነው መገመት የማይበቃው።

ወንዶች ታካሚዎችንም አትርሱ። ሽንት የከለከላቸው አዛውንት በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ያለች ነርስ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚወጣበትን ቀጭን ቱቦ፣ ልታስገባላቸው ስትቀርብ ጋቢያቸውን አጥብቀው የሚይዙት ስለሚያፍሩ ነው። ስለ ፕሮስቴት፣ ስለ ስንፈተ ወሲብ፣ ስለ አባላዘር በሽታ ወንድ ለወንድ መናገር ይቀለዋል። ለእነሱም ያው ጥያቄ ይገባቸዋል።

አሁን ለወጣት ሴት ሐኪሞች የምለው አለኝ። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ከሚባሉት ከዶክተር ዊዳድ ኪዳነማርያም ዘመን ወዲህ ብዙ ሴቶች ወደ ሙያው ገብታችኋል፤ ሆኖም መርምራችሁ፣ መድኃኒት አዝዛችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» ትባላላችሁ። ይህ የፆታ ምርጫ መብት አይደለም፤ የሴትን ዕውቀት አለማመን ነው። በሐፍረት ምክንያት የሚቀርብን ጥያቄና ከንቀት የሚመነጭን ጥያቄ ለዩ። ለመጀመሪያው ቦታ ልቀቁ፤ ለሁለተኛው «ሐኪምዎ እኔ ነኝ» ብላችሁ በእርጋታ ሥራችሁን ቀጥሉ። ከዚህም የከፋ አለ። «የእከሌ ብሔር ሐኪም አይንካኝ»፣ «የእከሌ ሃይማኖት ተከታይ አልፈልግም» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የፆታ ምርጫ ከተፈቀደ ይህስ ለምን ይከለከላል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ገላን ለሌላ ፆታ ከማሳየት የሚመጣ ሐፍረት የታካሚውን ክብር ይመለከታል፤ ዘር መርጦ ባለሙያን መግፋት ግን የሌላውን ሰው ክብር መርገጥ ነው፤ የሕክምና ተቋም ሊያስተናግደው አይገባም።

ሴት ባለሙያ ባትገኝስ? ይህ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የዕለት ተዕለት እውነት ነው። ደም እየፈሰሳት ወይም ሕፃኑ ታፍኖባት የመጣችን እናት ሴት እስክትገኝ አታስጠብቁ፤ እጃችሁ እየሠራ አፋችሁ ያስረዳት። ጊዜ በሚሰጥ ጉዳይ ግን አማራጩን በግልጽ ንገሯት፦ ሴት ባለሙያ የምትገባበትን ቀን፣ በአቅራቢያ ያለ ሌላ ተቋም፣ ወይም ዛሬውኑ ሴት ነርስ ወይም የምታምናት ሴት ዘመዷ አብራት ቆማ መመርመር። ምርመራውን ወንድ ካደረገው አብራ የምትቆመዋ ሴት ከራስጌዋ ትቁም እንጂ ከግርጌ አትቁም። መጋረጃው ይጋረድ፤ አንሶላ ይሸፍናት፤ የሚታየው የሚመረመረው ክፍል ብቻ ይሁን። አንዳንዱ ምርመራ ደግሞ ጭራሽ የእኛን እጅ አይጠይቅም። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ካንሰሩን ለሚያመጣው ኤች ፒ ቪ ለሚባለው ቫይረስ ምርመራ የሚያስፈልገውን ናሙና ሴቷ ራሷ መውሰድ እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሎታል። መሣሪያው ባለበት ቦታ ይህን ንገሯቸው፤ በሐፍረት የቀሩ ብዙዎች ይመጣሉ።

በማስተማሪያ ሆስፒታል ያላችሁ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ሆይ፣ በራውንድ፣ ማለትም ታካሚዎችን አልጋ በአልጋ በምትጎበኙበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት አልጋ ዙሪያ ተሰብስባችሁ አንሶላዋን የምትገልጡበትን ልማድ ተዉት። መማር እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ እኔም የተማርኩት በታካሚዎች ገላ ላይ ነው። ስንት ሰው እንደሚያያት፣ ከመካከላቸው ስንቱ ወንድ እንደሆነ አስቀድማ ልትነገርና ልትፈቅድ ግን ይገባታል። ብትከለክልም ሕክምናዋ በምንም እንደማይጓደል ከአፋችሁ ትስማ።

አንድ ቀን የክፍል ወይም የጤና ጣቢያ ኃላፊ ትሆናላችሁ። ያኔ የተረኞችን ፕሮግራም ስታወጡ በእያንዳንዱ ሌሊት ቢያንስ አንዲት ሴት ባለሙያ ማዋለጃ ክፍል እንድትመደብ አድርጉ፤ ለእሷም ሌሊት መጥታ የምትሠራበት ደኅንነቱ የተጠበቀ ማደሪያና መመላለሻ እንዲኖራት ተከራከሩላት፤ ያለዚያ ሸክሙ ሁሉ በጥቂት ሴቶች ላይ ይወድቃል። ካርድ ክፍል ለሚሠሩትም ታካሚዋን ስለ ምርጫዋ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲጠይቋት አስተምሯቸው። የመረጠችውንም ካርዷ ላይ ጻፉላት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ተረኛ ሲቀበላት እንደ አዲስ እንዳትሸማቀቅ።