«ውሃ መውቀጥ ነው» ለተባለችው ተመራቂ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ተምሬ ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ላይ ሠርቼ ሥራውን ወደድኩት። አባቴ ግን «ውሃ ማጥናት ውሃ መውቀጥ ነው፤ አካውንቲንግ ተማሪ» ይለኛል። የማያቸው የውሃ ሥራ ማስታወቂያዎችም ሁሌ «ኢንጂነር» ነው የሚሉት። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ከአባትሽ እንጀምር። ዛሬ ማታ ድስት ጣጂና ቴርሞሜትር ክተችበት። መጽሐፉ በ100 ዲግሪ ይፈላል ያለሽ ውሃ እዚህ አዲስ አበባ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታነጂው እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው አይሞቅም። ሽምብራው አልበስል ብሎ የሚያንገላታን ለዚህ ነው። አባትሽን አጠገብሽ አቁመሽ አሳዪያቸው። ውሃ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ደመወዝ የሚከፍል አለ።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ኢንጂነር ግድቡንና ቧንቧውን ይሠራል። ቧንቧው ውስጥ ያለው ነገር ግን ያንቺ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ግድብ የሚወርደው ጎርፍ ጭቃ ይዞ ነው። ለገዳዲም በይው ገፈርሳ፣ ጭቃው ተያይዞ እንዲዘቅጥ አልም የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ስንት? ይህን የሚወስነው ብርጭቆ ደርድሮ፣ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ጨምሮ፣ የቱ ቀድሞ እንደጠራ የሚያይ ሰው ነው። ካነሰ ውሃው አይጠራም፣ ከበዛ ብክነት ነው።

ከዚያ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን አለ። ቤት እስኪደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም መቅረት አለበት። ግን ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሮቶ ውስጥ ስንት ቀን ይቀመጣል? ፒያሳ ያለው ቢሮዬ ኮሪደር ላይ አንድ ሰማያዊ በርሚል አለ። አንድ ቀን አንዲት ባለሙያ ደንበኛዬ ከቦርሳዋ የዲፒዲ ኪኒን አውጥታ ከበርሚሉ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጣለች። ክሎሪን ካለ ወደ ሮዝ ይቀየራል። ምንም! ቀለሙን ሳይቀይር ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሻይ እንኳ ደህና አድርገን ነው የምናፈላው።

ማንም የማያስበው በር ደግሞ የኩላሊት እጥበት ነው። አንድ ታካሚ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ሲቆይ 120 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጃል። ለእኔና ላንቺ የሚበጀው ክሎሪን እዚያ ጠላት ነው፤ ደም ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል። ስለዚህ ከታካሚ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ውሃውን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። የታሸገ ውሃ፣ ቢራና ጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎችንም አንኳኪ። ከከተማ መውጣት ካላስፈራሽ ስምጥ ሸለቆ አለ፤ ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ፍሎራይዱ ከተፈቀደው 1.5 ሚሊግራም በሊትር የሚያልፍባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፤ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል።

ማስተርሱን ለጊዜው ተዪው። ቀጣሪ ከዲግሪሽ በፊት እጅሽን ነው የሚጠይቀው። አማካሪ መምህርሽን ለምነሽ ቤተ ሙከራ ግቢ፤ ያለ ደመወዝም ቢሆን ሁለት ሦስት ወር ሥሪ፣ የታክሲ ግን ጠይቂ። ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመውን ባክቴሪያ፣ ኢ. ኮላይን፣ መቁጠር ተማሪ፤ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። በኋላ መማር ካሰኘሽ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ አለ፤ እዚያው አራት ኪሎም የከርሰ ምድር ውሃ ትምህርት አለ።

አልዋሽሽም፣ የመነሻ ደመወዙ አያስፈነድቅም። ማጣሪያ ጣቢያ ከገባሽም የሌሊት ፈረቃ አለ፤ ይህንንም ለአባትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሲቪሽ ላይ «ስለ ውሃ ጥሩ እውቀት አለኝ» የሚለውን አጥፊው። በምትኩ ከየት ስንት ናሙና እንደቀዳሽ፣ ምን ምን እንደለካሽ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ጻፊ። አስተካክለሽ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።