«ሕጉ ለተሳፋሪ ከ40,000 ብር በላይ አይፈቅድም» ተብያለሁ፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ልደታ አካባቢ ቤቴ እንጀራ እየጋገርኩ ፒያሳ ላሉ ምግብ ቤቶች አስረክብ ነበር። ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በፊት ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ታክሲ ስሄድ፣ ፖስታ ቤትን አልፈን ቸርችልን ሽቅብ እየወጣን ሳለ አንድ ኮድ 3 ፒካፕ ከጎን ገብቶ መታን። እኔ ትርፍ ሆኜ በሩ አጠገብ ጣውላ ላይ ነበርኩ። ቀኝ ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገብቶልኛል። አምስት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ ዛሬም የምጣዱን አክንባሎ በዚያ እጄ ማንሳት አልችልም። ለሕክምና 86,000 ብር ወጥቷል።

የሚኒባሱ ባለቤት ያኔ 15,000 ብር ሰጥቶኛል። አሁን «25,000 ጨምሬልሽ በሽማግሌ ፊት ፈርመሽ እንጨርስ፤ ሕጉም ቢሆን ለተሳፋሪ ከ40,000 በላይ አይፈቅድም» ይለኛል። የፒካፑ ባለቤት የሆነው ድርጅት ደግሞ «ሾፌራችን ተከሶ በነፃ ተሰናብቷል፤ ታክሲውን ጠይቂ» ብሎ መለሰኝ። የሚፈረመውን ወረቀት ኮፒ አያይዣለሁ። ልፈርም? ትርፍ ሆኜ መሳፈሬስ ይጎዳኛል?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት። ወረቀቱን አሁን በተጻፈበት መልኩ አይፈርሙ።

ባለሚኒባሱ 40,000 የምትለዋን ቁጥር ከኪሱ አላወጣትም፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሹክ ብሎታል። 15,000 እና 25,000 ሲደመር ስንት እንደሚመጣ ልብ ይበሉ። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ቁጥር 597 አጓዥ በአንድ መንገደኛ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያለበት ኃላፊነት በ40,000 ብር ተወስኗል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ ብዙ ሰው አሮጌው ከነነፍሱ የተሻረ መስሎታል። ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን የሚደነግገው ሦስተኛው መጽሐፍ ግን አልተነካም፤ ዛሬም ይሠራል። በ1952 ትልቅ ሀብት የነበረው ገንዘብ ዛሬ የእርስዎን የሕክምና ወጪ ግማሽ እንኳ አለመሙላቱን ሕግ አውጪው አይቶ እስኪያስተካክለው ድረስ እኛም በዚሁ ቁጥር መከራከራችን ይቀጥላል።

ሰውየው ያልነገረዎት ሌላው ግማሽ አለ። ጣሪያው የሚሠራው በማጓጓዝ ውል ለተገናኙ ሰዎች ነው፤ ማለትም ሂሳብ በከፈሉትና ባጓጓዘዎት መካከል። (ታክሲ ትኬት አይቆርጥም ብለው አይስጉ። ረዳቱ ሂሳብ ተቀብሎ ካሳፈረዎት ውሉ አለ፤ ትኬት አለመኖሩ አያፈርሰውም።) ከፒካፑ ባለቤት ጋር ግን ምንም ውል የለዎትም። ለእሱ እርስዎ መንገድ ላይ የተጎዱ ሦስተኛ ወገን ነዎት። ስለዚህ እሱን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ በዚያ ሕግ ደግሞ 40,000 የሚባል ጣሪያ የለም። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው።

ለዚህ ነው ወረቀትዎን ሳነብ ሦስተኛው መስመር ላይ የቆምኩት፦ «በዚህ አደጋ ምክንያት ከእንግዲህ በማንም ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም።» በማንም ላይ! ባለሚኒባሱ በራሱ 25,000 ብር የፒካፑንም ዕዳ ሊሰርዝ ነው። ይህን ሆን ብሎ ይሁን ወይም ጸሐፊው ከሌላ ወረቀት ገልብጦት አላውቅም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «ሳላውቅ ነው የፈረምኩት» ብሎ መጥቶ ማስፈረስ በጣም ከባድ ነው፤ በዚህ ሥራ እንባ ካየሁባቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው።

ገንዘቡ ካስፈለገዎት፣ እንደሚያስፈልግዎትም እገምታለሁ፣ እንዲህ ብለው ጽፈው ይፈርሙ፦ «ለሕክምና ወጪ የሚውል 25,000 ብር ተቀብያለሁ። ይህ ክፍያ በአደጋው ምክንያት በማንኛውም ወገን ላይ ያለኝን ቀሪ የካሳ ጥያቄ አያስቀርም።» እምቢ ካለ ገንዘቡን ይተዉት። ሽማግሌዎቹ ቅር እንዳይላቸው ብለው አይፈርሙ።

ወደ ፒካፑ እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የሚነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። የሾፌሩን ጥፋት እንዲያስረዱ አይጠበቅብዎትም። መኪናው በዚያች ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ ወይም ጉዳቱ በተጎጂዋ በራሷ ጥፋት ብቻ የደረሰ ካልሆነ በቀር ባለቤቱ አያመልጥም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ በቁጥር 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል። «ታክሲው ነው»፣ «ፒካፑ ነው» እየተባለ እርስዎ መሀል ላይ የሚንገላቱበት ምክንያት የለም፤ ጣውላ ላይ ተቀምጦ መሪ የሚይዝ ተሳፋሪ የለምና።

«ሾፌራችን በነፃ ተሰናብቷል» የሚለው መልስም እንደሚመስለው በር አይዘጋም። በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት የነፃ መለቀቅ ውሳኔ አይገደድም። ዓቃቤ ሕግ በቂ ምስክር ስላላቀረበ በነፃ የተሰናበተ ሾፌር አሠሪ ካሳ ሲከፍል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ ሳልሸሽግ ልንገርዎት። ያው ቁጥር 2084 አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ እኩል የሚለውን ግምት ያነሳዋል። የወንጀል ችሎቱ ሾፌሩን ያሰናበተው «ጥፋተኛው የሚኒባሱ ሾፌር ነው» ብሎ ከሆነ ድርጅቱ ያንን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የወንጀሉን ውሳኔ ግልባጭና የትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላን አስቀድመን ማየት አለብን። የፍሬን ምልክቱ የት ተጀመረ? ፒካፑ ሚኒባሱን የመታው በየትኛው ጎኑ ነው? ፕላኑ ላይ ያሉት እነዚያ ሁለት መስመሮች ከአምስት ምስክር ይበልጣሉ።

ነገሩ ያጋደለው ወደ ሚኒባሱ ነው እንበል። ያን ጊዜም 40,000ው የመጨረሻ ግንብ አይደለም። የንግድ ሕጉ ቁጥር 599 አጓዡ ወይም ሠራተኞቹ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቁ ለፈጸሙት ድርጊት የኃላፊነት ወሰኑን ያነሳል። በር አጠገብ፣ ቀበቶም መደገፊያም በሌለበት ጣውላ ላይ ሰው አስቀምጦ መንዳት «አላወቅኩም» የሚያሰኝ ነው? እኔ አያሰኝም ብዬ እከራከራለሁ። ዳኛው ይቀበለኛል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ ይህ የክርክር በር ነው፣ ከፒካፑ በኩል እንዳለው ያለ የለሰለሰ መንገድ አይደለም።

ትርፍ ሆኖ መሳፈርዎ ይጎዳኛል ወይ ላሉት፣ ትንሽ ሊነካዎት ይችላል። ተጎጂው ለጉዳቱ በጥፋቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ፍርድ ቤት ካሳውን ሊቀንስ ይችላል፤ ተከሳሾችም ይህን ከማንሳት አይመለሱም። ነገር ግን ትርፍ የሚጭነው ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ ደንቡን የጣሱትም እነሱ ናቸው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያኔ ምርጫው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዳኛውም እዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው።

ስንት ይጠይቃሉ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሐኪም ቤት ደረሰኝ ደምሮ ያቆማል። 86,000ው አንዱ ብቻ ነው። ወደ ሐኪም ቤት የተመላለሱበት ትራንስፖርት፣ በምትክዎ የቀጠሩት ሰው ካለ ክፍያው፣ ሥራ ፈትተው የተቀመጡበት አምስት ወር ገቢ ይጨመራል። ብረቱ ወደፊት መውጣት ካለበት የዚያም ወጪ፤ በቁጥር 2092 እንደሚደርስ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል። ሐኪምዎ ይህን በጽሑፍ ይስጥዎት።

ዋናው ግን የክንድዎ አቅም ነው። ዘላቂ የአካል ጉዳትዎን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ለቦርድ ለመቅረብ ከፖሊስ ወይም ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ያስፈልግዎታል። ለምሳሌ ቦርዱ 20 በመቶ ቢል፣ የተጣራ ገቢዎ በወር 12,000 ብር ቢሆን፣ በወር 2,400፣ በዓመት 28,800 ብር ያጣሉ ማለት ነው። እስከ 60 ዓመትዎ 22 ዓመት አለ፤ ሲባዛ 633,600 ብር ይመጣል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከፈልና የነገ ነገር እርግጠኛ ያልሆነ በመሆኑ ዳኞች በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብለው ባመኑበት መጠን፣ ዝቅ ያደርጉታል። በግማሽ ቢቀንሱት እንኳ ከ40,000 ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ይመልከቱ።

«የደመወዝ ወረቀት የለኝም፤ እንዴት አስረዳለሁ?» ማለትዎ አይቀርም። ጋጋሪ ደመወዝ የለውም፤ ደብተር ግን አለው። ለየትኛው ምግብ ቤት ስንት እንጀራ እንዳስረከቡ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ሊጥ የነካው ደብተር ካለ እንዳይጥሉት። ምግብ ቤቶቹ በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍለውዎት ከሆነ የአደጋው ዕለት ወደ ኋላ ያለውን የአንድ ዓመት መግለጫ ያውጡ። ከምግብ ቤቶቹ ሁለት ሰው ለምስክርነት ይበቃል። የጤፍና የመብራት ወጪ ከገቢው እንደሚቀነስ ግን አይርሱ፤ አጋንኖ መጥቶ በመስቀለኛ ጥያቄ ከመፍረክረክ እውነተኛውን ተናግሮ መታመን ይሻላል። መጠኑን በትክክል ማስረዳት ባይቻል ፍርድ ቤቱ በቁጥር 2102 በርትዕ ይወስናል።

ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን፣ ያሳፍራል፣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። አሥር ኪሎ ጤፍ አይሞላም። ይጠይቁት፤ ተስፋ ግን አይጣሉበት።

ማንን እንክሰስ? የሚኒባሱን ባለቤትና የፒካፑን ባለቤት በአንድ ክስ፣ በአንድነትና በነጠላ እንዲከፍሉ፤ ማለትም ሙሉውን ከሁለቱም ሆነ ከአንዳቸው መጠየቅ እንዲቻል። ሾፌሮቹን መጨመር ይቻላል፤ ፍርድ አግኝቶ ከደመወዝተኛ ሾፌር ላይ ማስፈጸም ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ እዚህ ከተማ ብዙ መኪና በውክልና ይሸጣል፤ ሊብሬው አንድ ሰው ስም ነው፣ ገቢውን የሚበላው ሌላ ነው። «ባለቤት ነኝ» የሚልዎት ሰው በመዝገብ ላይ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ፍርድ ቤቱ የመኪኖቹን ማኅደር እንዲያስቀርብ እናመለክታለን፤ ከተለያዩ ሁለቱንም እንከሳለን። መድን ድርጅቶቹን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ባለቤቶቹ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 43 ጣልቃ ያስገቧቸዋል፤ የሦስተኛ ወገን መድን አስገዳጅ ነውና ሁለቱም መኪኖች ሊኖራቸው ይገባል። መድኑ እስከ ሽፋኑ መጠን ይከፍላል፤ የቀረው በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ይቆያል። «መድን አለኝ፤ እነሱን ጠይቂ» ማለት ባለቤቱን ነፃ አያወጣውም። (ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳችሁ ሌሎች አንባቢዎች የምትሄዱት ወደ መንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው።)

ክሱ ከ10 ሚሊዮን ብር በታች ስለሆነ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ፤ ከወረዳዎ የአቅም ማስረጃ ያምጡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የይርጋው ነገር ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143። እርስዎ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ጨርሰዋል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ያ ረዘም ያለው ጊዜ ይሠራል የሚል ንዑስ ቁጥር አለ፤ ሾፌሩ በነፃ በተሰናበተበት መዝገብ ላይ ግን እኔ በዚያ ክር ላይ አልንጠለጠልም። ሽምግልናውም ጊዜውን አያቆምልዎትም። ባለሚኒባሱ «ከፋሲካ በኋላ»፣ «መኪናው ሲሸጥ» እያለ ካቆየዎት በኋላ መልሱ ላይ የመጀመሪያ መቃወሚያ አድርጎ የሚያቀርበው ይርጋን ነው። የቦርዱ ውጤት ባይደርስ እንኳ ክሱን ከፍተን ፍርድ ቤቱ ወደ ቦርድ እንዲልክዎት እንጠይቃለን።

ሰኞ ጠዋት አደጋውን ወደመዘገበው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የፕላኑንና የሪፖርቱን ግልባጭ በጽሑፍ ያመልክቱ። መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል ካሉዎት ቁጥሩን ይቀበሉ። ደረሰኞቹን ዋናዎቹን ለማንም አይስጡ፣ ለመድን ድርጅትም ቢሆን፤ ኮፒ ይበቃቸዋል። ከሐኪም ቤት ሲወጡ የተሰጠዎት የራጅ ፊልም ቁም ሣጥን ላይ ተጣጥፎ ከሆነ ያውርዱትና ዘርግተው ያስቀምጡት፤ የታጠፈበት መስመር ስብራቱ ላይ ካረፈ ሐኪሙም ዳኛውም ማንበብ ይቸግራቸዋል።