መልስ፦ የጽሑፍ ፈተና በሌለበት የሚዲያ ጥበባት ማስተርስ የተማሪው መሻሻል እንዴት ይለካል?

ውድ ጠያቂ፣ በአሜሪካ የሚዲያ ጥበባት የኤምኤፍኤ (የሥነ ጥበብ ማስተርስ ዲግሪ) ትምህርት እንደጀመሩ ገልጸው፣ የጽሑፍ ፈተና ከሌለ መሻሻልዎ በምን እንደሚመዘን ጠይቀዋል።

ይህ ዲግሪ በተለምዶ 60 ያህል የሴሚስተር ክሬዲት የሚጠይቅ ሲሆን፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በስቱዲዮ ሥራ ነው። የኮርስ ውጤት፣ አማካዩ ከ3.0 በታች እስካልወረደ ድረስ፣ ስለ ተማሪው ብዙም አይናገርም።

ዋናው መለኪያ የሂስ መድረክ ነው። ተማሪው ገና ያላለቀ ቪዲዮ ወይም የድምፅ ሥራ ይዞ በመምህራንና በክፍል ጓደኞቹ ፊት ይቀርባል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ የመምህራን ኮሚቴ ሥራዎቹን በአንድነት መርምሮ ወደ መመረቂያ ሥራ መሻገር መቻሉን ይወስናል። ኮሚቴው ከምስሉ ጥራት ይልቅ፣ ተማሪው ቀደም ሲል የተሰጠውን አስተያየት ምን እንዳደረገበትና ምርጫዎቹን በምን ምክንያት እንደሚያስረዳ አጥብቆ ይመለከታል። ስለዚህ የተጣሉ የቅንብር ረቂቆችን አይሰርዙ፤ ቀን እየጻፉ ያስቀምጧቸው። (አገር ቤት በመምህር ፊት ዝም ብሎ ማዳመጥ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን እንዳልተዘጋጁ ሊያስቆጥር ይችላል።)

ከእያንዳንዱ ግምገማ በኋላ ውሳኔውና የሚጠበቅብዎት ማሻሻያ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ አማካሪዎን ይጠይቁ። የቃል አስተያየት በሴሚስተሩ ማብቂያ በየሰው ትዝታ ይለያያል፤ የመመረቂያ ትርኢቱንና አብሮት የሚቀርበውን ጽሑፍ የሚገመግሙት አባላትም ሊቀየሩ ይችላሉ።