የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና ስለ መዘጋጀት

በዚህ ወር የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች ከልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች የደረሱን ናቸው። ሁሉም ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና ስለሚጠይቁ በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትሁበት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በአይኤልትስ ፈተና በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉም ከ6 ያላነሰ ነጥብ ይፈልጋል። ተፈትኜ በማንበብ 7፣ በማዳመጥ 6.5፣ በመናገር 5.5፣ በመጻፍ 5 አገኘሁ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጠንቅቄ የተማርሁና በ12ኛ ክፍል ፈተናም በእንግሊዝኛ ከፍተኛ ውጤት ያመጣሁ ሰው ስሆን በመጻፍ ይህን ያህል መውረዴ አልገባኝም። ጓደኞቼ በቴሌግራም የሚሸጡ የተዘጋጁ ድርሰቶችን በቃሌ እንድይዝ ይመክሩኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ አራቱን ነጥቦች ጎን ለጎን ስናያቸው ችግሩ የት እንዳለ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ሌላ ሰው የጻፈውንና የተናገረውን እንግሊዝኛ በሚረዱባቸው በሁለቱ ክፍሎች በርትተዋል፤ እንግሊዝኛው ከእርስዎ ዘንድ እንዲወጣ በሚፈለግባቸው በሁለቱ ክፍሎች ግን ወርደዋል። ይህ ከትምህርት ቤቶቻችን የወጣን ሰዎች በአብዛኛው የምንጋራው ጉድለት ነው። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ከቀረቡት አማራጮች ትክክለኛውን መምረጥ ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ተማሪው አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ፣ አንድ ደቂቃም ሳይናገር ከፍተኛ ውጤት ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ የሰዋስው ዕውቀትዎ እውነተኛ ነው፤ የጎደለዎ ያንን ዕውቀት በራስዎ ዓረፍተ ነገር ላይ የማዋል ልምምድ ነው፤ ይህንንም የሰዋስው መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው በማንበብ አያገኙትም።

አስቀድመን ግቡን በትክክል እንለካው። የአይኤልትስ አጠቃላይ ነጥብ የአራቱ ክፍሎች አማካይ ሲሆን፣ አማካዩ ወደሚቀርበው ሙሉ ወይም ግማሽ ነጥብ ይጠጋጋል። ማንበብና ማዳመጥ ባሉበት ቆመው መጻፍንና መናገርን ወደ 6 ቢያደርሷቸው፣ ድምሩ 25.5፣ አማካዩም 6.375 ይሆናል፤ ይህ ወደ 6.5 ስለሚጠጋጋ የዩኒቨርሲቲው ሁለቱም መስፈርቶች ይሟላሉ። እንግዲህ የጥናት ጊዜዎን ለአራቱም ክፍሎች እኩል ማካፈል አያስፈልግዎም። ማንበብና ማዳመጥ እንዳይቀዘቅዙ በሳምንት አንድ ጊዜ ይንኳቸው፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ለመጻፍና ለመናገር ይስጡት።

የመጻፉ ክፍል 60 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን ሁለት ጽሑፎች ይጠየቁበታል። የመጀመሪያው ከ150 ቃላት፣ ሁለተኛው ከ250 ቃላት ማነስ የለበትም፤ ሁለተኛው የሚይዘው ነጥብ የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሆነ፣ ለእርሱ 40 ደቂቃ ያህል መመደብ ተገቢ ነው። ፈታኙ አራት ነገሮችን በእኩል ክብደት ይመዝናል፤ እነርሱም ለጥያቄው በሚገባ መመለስ፣ የሐሳቡ አካሄድና ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ልዩ ልዩነትና ትክክለኛነት ናቸው። የሚሸጡት ድርሰቶች የማይረዱዎትም በዚህ ምክንያት ነው። በቃል የተያዘ ድርሰት ስለ ሌላ ጥያቄ የተጻፈ በመሆኑ ገና በመጀመሪያው መመዘኛ ይወድቃል፤ ፈታኞችም በቃል የተያዘን ጽሑፍ ለይተው ለማወቅ የሠለጠኑ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚያሳዝነው ግን ድርሰቶቹን ለማጥናት የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ እርስዎ ራስዎ ሊጽፉበት የሚችሉት ነበር።

አማርኛ አፋችንን የፈታንበት ሰዎች እንግሊዝኛ ስንጽፍ ደጋግመን የምንሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነርሱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል። አማርኛ «መጥቶ፣ ገብቶ፣ ተቀምጦ» እያለ ቦዝ አንቀጾችን ያከታትልና መላውን ሐሳብ በመጨረሻ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋል። ይህንኑ ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ በነጠላ ሰረዝ ብቻ የተያያዙ፣ መጨረሻቸው የማይታወቅ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን እንጽፋለን። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ባለቤትና የራሱ ማሰሪያ አንቀጽ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌላው ጋር ሲጋጠምም በአያያዥ ቃል መጋጠም አለበት። ሁለተኛው ችግር የመስተአምሮቹ ነገር ነው። የታወቀውንና ያልታወቀውን ነገር ለመለየት ከስም በፊት የሚገቡትን እነዚያን ትንንሽ ቃላት አንዳንዴ እንተዋለን፤ አንዳንዴም በማያስፈልጉበት እናስገባቸዋለን። ሦስተኛው ደግሞ ሐሳብን እያዘገዩ ማምጣት ነው። ለትሕትና ስንል ዙሪያውን ሄደን አቋማችንን በመጨረሻ መግለጥ ለምደናል፤ በዚህ ፈተና ግን አቋምዎ በመግቢያው አንቀጽ ተገልጦ እስከ መደምደሚያው ድረስ ሳይናወጥ መታየት ይኖርበታል።

ጎጃም ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ እንግዳ አገር አይደለም። በዋሸራም ሆነ በሌሎቹ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው የሌላውን ቅኔ ሲሰማ ብቻ አይውልም፤ ራሱ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ታርሞም ሌላ አዲስ ሊቆጥር ይመለሳል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው። በየቀኑ አንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሙሉውን ድርሰት በሰዓት ተለክተው ይጻፉ፤ ለሚያርምዎ ሰውም ይስጡት። አራሚው ፈረንጅ መሆን የለበትም፤ በትምህርት ቤትዎ ያለ የእንግሊዝኛ መምህር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያጠና ወዳጅ ይበቃል። ሁሉንም ስሕተት በአንድ ጊዜ እንዲያርም ግን አይጠይቁት። ለሁለት ሳምንት የዓረፍተ ነገር መጋጠምን ብቻ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት መስተአምሮችን ብቻ ቢከታተልልዎ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። የታረመውንም ጽሑፍ አይተው አያስቀምጡት፤ ያንኑ ጽሑፍ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጻፉት። አብዛኛው ተፈታኝ የሚዘለው ይህንን ነው፤ ለውጥ የሚመጣው ግን በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ነው።

ሙያዎም ይረዳዎታል። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሚሰጠው የአይኤልትስ ዓይነት፣ በአካዳሚክ ፈተና፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ግራፍ፣ ሠንጠረዥ ወይም የአንድ ነገር አሠራር ሂደት እየታየ የሚገለጥበት ነው። ውኃ ተንኖና ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚጣራ ለተማሪዎችዎ የሚያስረዱትን በ150 ቃላት በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ለመናገሩም ክፍል እንዲሁ ነው። ቃለ መጠይቁ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ በመካከሉ አንድ ርእስ ተሰጥቶዎ ለአንድ ደቂቃ አስበው እስከ ሁለት ደቂቃ ድረስ ያለማቋረጥ እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። በክፍል ውስጥ በየዕለቱ አሥር ደቂቃ ወደ አማርኛ ሳይመለሱ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያስተምሩ ለእርስዎም ለተማሪዎችዎም ትርፍ ነው። የአነጋገር ቅላጼዎ የአገርዎን ለዛ በመያዙ ነጥብ አይቀነስብዎም፤ የሚፈለገው ሰሚው ሳይቸገር እንዲረዳዎ ነው። ቢሆንም «ስኩል» የሚለውን «እስኩል» የሚያደርገውን ልማዳችንን ማረም ይገባል፤ ምላስ ከጥርስ ጋር ተነካክቶ የሚወጣውን ድምፅም (th) «ስ» ወይም «ዝ» ከማድረግ ይጠንቀቁ።

እንደ ገና ከመመዝገብዎ በፊት የፈተና ማዕከሉን አንድ ነገር ይጠይቁ። በኮምፒውተር የተፈተነ ሰው አገልግሎቱ በሚሰጥበት ማዕከል ከፈተናው ቀን በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ መድገም ይችላል። ለእርስዎ ሁለት ክፍሎች ስለቀሩዎት አሁን አይጠቅምዎ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ፈተና አንዱ ክፍል ብቻ ቢጎድልብዎ ግን ሙሉውን ፈተና ከመድገም ያድንዎታል፤ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን ውጤት መቀበሉን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም ነርስ ሆኜ አገለግላለሁ። በእንግሊዝ አገር በሙያዬ ለመሥራት አስቤአለሁ። አዲስ አበባ ወርጄ አይኤልትስ ከመፈተን ይልቅ ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የዱዎሊንጎን የእንግሊዝኛ ፈተና ብፈተን ይቀለኛል ብዬ ነበር። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ምርጫው የተፈታኙ ሳይሆን ውጤቱን የሚቀበለው አካል ነው። በእንግሊዝ አገር ነርሶችን የሚመዘግበው የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት የዱዎሊንጎን ውጤት አይቀበልም፤ የሚቀበለው የአይኤልትስን አካዳሚክ ፈተና ወይም ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀውን ኦኢቲ የተባለ ፈተና ነው። በአይኤልትስ የሚጠይቀው በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ነው። ኦኢቲ ስለ ሕሙማን፣ ስለ ሪፖርትና ስለ ሪፈር ደብዳቤ የሚጠይቅ በመሆኑ በየቀኑ በሚሠሩት ሥራ ላይ ለሚፈተኑት ለእርስዎ ይስማማ ይሆናል፤ የት እንደሚሰጥና ክፍያው ስንት እንደሆነ ካጣሩ በኋላ ይወስኑ። አይኤልትስን ከመረጡ አጠቃላይ ሥልጠና ከሚባለው ዓይነት ጋር እንዳይደባለቅብዎ ቅጹን ሲሞሉ ይጠንቀቁ፤ ማንበቡና የመጻፉ የመጀመሪያ ጥያቄ ይለያያሉ። ውጤቱ የሚጸናው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ የሥራና የትምህርት ማስረጃዎችዎን ማሰባሰብ ሳይጀምሩ ቀድመው አይፈተኑ። ዱዎሊንጎን ለሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ሌሎች አንባቢዎችም ቢሆኑ፣ ፈተናው ካሜራ ባለው ኮምፒውተር በማይቋረጥ ኢንተርኔት የሚወሰድ መሆኑን እንዲያስቡበት እንመክራለን። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት ቤት ተቀምጦ መጀመሩ ክፍያን ለአደጋ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ በሞጣ ከተማ ነዋሪ ነኝ፤ በቅርቡ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄአለሁ። ማዳመጥ እጅግ ይከብደኛል። በእንግሊዝኛ የማናግረው ሰው የለኝም፤ ኢንተርኔቱም እንደ ልብ አይገኝም።

መልስ፦ ወንድማችን፣ በአይኤልትስ ማዳመጥ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ አራት ክፍሎችና 40 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምፁም የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከ40ው 23 ያህል በትክክል የመለሰ ወደ 6፣ 30 ያህል የመለሰ ወደ 7 ነጥብ ይደርሳል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ምንም ጥያቄ ባዶ አይተዉ።

ኢንተርኔት ባገኙበት ቀን ከቢቢሲ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ገጽ አጫጭር ዝግጅቶችን ከነጽሑፋቸው ወደ ስልክዎ ያውርዱ። አንዱን ዝግጅት ለአንድ ሳምንት ይያዙት። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ሙሉውን ያዳምጡ፤ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆሙ የሰሙትን በወረቀት ይጻፉ፤ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር ያስተያዩና የተሳቱትን ቦታ ደግመው ያዳምጡ፤ በመጨረሻም ከተናጋሪው ጋር አብረው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡና ድምፅዎን ይቅዱ። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ ሆኖም በጀርባ እየተሰማ ከሚያልፍ የብዙ ሰዓት ፊልም ይልቅ ጆሮን ያቀናል፤ የሚያናግር ሰው ማጣትንም በከፊል ይተካል።

የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ይመስላል፤ ስም በፊደል ሲቆጠር፣ የስልክ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ሲነገር ግን ብዙ ተፈታኞቻችን ነጥብ ይጥሉበታል። የእንግሊዝኛውን «ኤ»፣ «ኢ» እና «አይ»፣ እንዲሁም «ጂ» እና «ጄ» የተባሉትን ፊደላት የምናደባልቅ ብዙዎች ነን። 13ን ከ30፣ 15ን ከ50 መለየትም እንዲሁ ልምምድ ይፈልጋል። የፊደል ስሕተት ያለበት መልስ እንደ ስሕተት ይቆጠራል፤ «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» በተባለበት ሦስት ቃል የጻፈም ነጥቡን ያጣል።

ጥያቄ፦ በቡሬ የምኖር አባት ነኝ። ልጄ ለፈተናው እየተዘጋጀች ሳለች አንድ ሰው ገንዘብ ከሰጠነው ሳትደክም 7 እንደሚያመጣላት ነግሮናል። ነገሩ እውነት ነውን? ለጉዞዋስ ምን እናሰናዳ?

መልስ፦ የተከበሩ አባት፣ እባክዎ ገንዘብዎን አይስጡ። ውጤትን አስቀድሞ ሊያረጋግጥ የሚችል ማንም የለም። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የውጤት ወረቀቱን ቁጥር ይዞ እውነተኛነቱን በቀጥታ ከፈተናው ባለቤቶች ያጣራል፤ በፈተናውም ቀን የተፈታኙ መታወቂያ ይመረመራል፣ ፎቶግራፉም ይነሣል። ማጭበርበር ከተገኘ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ልጅዎ በሌላ ጊዜ በሐቅ የምታገኘውም ዕድል ሊበላሽ ይችላል። ያንን ገንዘብ ለምዝገባውና ለማደሪያዋ ቢያውሉት ይሻላል።

ምዝገባውን ራስዋ በቀጥታ ከፈተና ማዕከሉ ጋር ትፈጽም፤ በአዲስ አበባ አይኤልትስን ከሚሰጡት አንዱ ብሪቲሽ ካውንስል ነው። ስሟን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም በፓስፖርቷ ላይ በታተመው የላቲን አጻጻፍ፣ አንድ ፊደል ሳትለውጥ ትሙላ፤ የልደት ቀኗንም ከትምህርት ማስረጃዋ ሳይሆን ከፓስፖርቷ ላይ ትቅዳ፤ ትምህርት ቤት የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ ደግሞ በአውሮፓውያኑ ነውና። በምዝገባ የተጠቀመችበትን ያንኑ ፓስፖርት በፈተናው ቀን ይዛ መቅረብ አለባት። የመናገሩ ፈተና በሌላ ቀን ሊሆን ስለሚችል የመመለሻ ትኬት ከመቁረጧ በፊት ቀኑን ታረጋግጥ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዓባይ በረሃንም ማቋረጥ አለ፤ ስለዚህ ከፈተናው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድማ ብትገባ መልካም ነው። የጥሪ ወረቀቱ ላይ ጠዋት 9 ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ተፈታኝም ወደ አዳራሹ አይገባም።