ጾም፣ ጎመንና የደም ማቅጠኛ፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ፣ ስትሮክን ለመከላከል የደም ማቅጠኛ ከሚወስዱ ሕሙማንና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው።

ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?

በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱት፤ ማታ ከሆነ ግን የዕለቱን የደም መርጋት ምርመራ ውጤት አይቶ መጠኑን በዚያው ቀን ለማስተካከል ያመቻል።

አንድ አባት ምርመራው ስለሰለቻቸው በአስፒሪን ብቻ መቆየት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይችሉም። የልብ ምት ሲዛባ ደም በግራው የላይኛ የልብ ክፍል በምትገኝ ትንሽ ኪስ ውስጥ ተኝቶ ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያስከትላል። አስፒሪን ይህን መርጋት በበቂ ሁኔታ አይከላከልም፤ የመድማት አደጋው ግን አይቀርም።

አንዲት ልጅ ደግሞ በዐቢይ ጾም የእናቷ የአይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካው ምርመራ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደም ቶሎ ይረጋል) ውጤት ከ2.4 ወደ 1.5 እንደወረደና ጎረቤት «ጎመን እርግፍ አድርገው ይተዉ» እንዳላቸው ጽፋለች።

አይተዉ። ጎመንና ቆስጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚያዘጋጀው በዚህ ቫይታሚን ሲሆን፣ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ ይህንኑ ሥራ በማወክ ነው። ስለዚህ በ55ቱ ቀናት ምሳውም እራቱም ጎመን ሲሆን፣ ከ2 እስከ 3 መሆን የሚገባው ውጤት ቢወርድ አያስደንቅም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ በጾሙ ወራት የመድኃኒቱ መጠን ተጨምሮ ከነበረ፣ ጎመኑ በዶሮ ወጥ ሲተካ መጠኑ ከልክ ያልፋል፣ ያን ጊዜም ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ ሰገራ ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። እናትሽ ጎመኑን ይብሉ፤ ነገር ግን ዛሬ ሙሉ ሰሃን፣ ነገ ባዶ አይሁን። ጾሙ ሳይገባ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ጾሙ በገባ በሳምንቱና ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱም ይመርመሩ። ሐኪሞችም ዋርፋሪን ሲያዝዙ «ይጾማሉ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

በመጨረሻ፣ በልጅነት የቶንሲል ሕመም ጠንቅ የልባቸው ቫልቭ የጠበበባቸው እናት፣ ወንድማቸው ከአሜሪካ «ምርመራ የማይፈልግ» ብሎ ሪቫሮክሳባን የተባለ ሌላ የደም ማቅጠኛ ልኮላቸዋል።

እባክዎ አይጀምሩት። በ2022 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ የቫልቭ ጉዳታቸው እንደ እርስዎ ከሆነ የልብ ምት መዛባት ሕሙማን መካከል ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት ደርሶባቸዋል። ክኒኑን እንደታሸገ ይዘው የልብ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ እስከዚያው ዋርፋሪኑን አንድ ቀንም አያቋርጡ።